የእኩል አራሽና የባለ መሬት ውል የት ነው የተጻፈው?

መሬት እያለው በሬና ጉልበት ያጣ ሰው፣ በሬና ጉልበት እያለው መሬት ካጣ ሰው ጋር የሚገናኝበት ስምምነት የእኩል አራሽነት ይባላል። በጎጃም መጋዞ ይሉታል። አዝመራውን እኩል ለእኩል የሚካፈሉ ከሆነ የእኩል፣ አንዱ ወገን ከሦስት አንድ እጅ የሚወስድ ከሆነ የሲሶ፣ ከአራት አንድ እጅ ከሆነ ደግሞ የእርቦ ነው። ስሙና ድርሻው ከአገር አገር ይለያይ እንጂ የስምምነቱ ጠባይ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ሰዎች በቃል ይነጋገራሉ፤ ምናልባት አንድ ሽማግሌ በእማኝነት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አራሹ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳው ይወርዳል። ቀለምና ወረቀት በመካከላቸው አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ቀለምና ወረቀት በመካከላቸው መግባት አለበት የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስለ መሬት የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ታላቁን ጥያቄ፣ ማለት መሬት የማን ይሁን የሚለውን ነው። እሱም ተገቢ ክርክር ነው። ዳሩ ግን የክርክሩ ፍጻሜ ይህም ሆነ ያ፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቢቀርም፣ ወይም አንድ ቀን የግል ይሁን ቢባልም፣ በሬ የሌላት ባልቴት ማሳዋን ለሰው ማሳረሷ አይቀርም። በሰጠችበት ቀን ምን ተባብለው እንደ ነበር የሚመሰክር ነገር ከሌለ፣ ሥርዓቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጉዳቱ የሚያርፈው ደካማ በሆነው ወገን ላይ ነው።

ደካማው ወገን ማን እንደ ሆነ ግን ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል፤ ወጣቱ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

በቀድሞው ዘመን ደካማው አራሹ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና፣ ስለ እርሻ መሬት ኪራይ ብዙ አንቀጾች ይዞ ነበር የወጣው። ከነዚህም አንዱ ለባለ መሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ሦስት አራተኛ! ዓመቱን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲወቃ የከረመው ሰው ከአራት ቁና አንዱን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባ ሕግ ተጣሰ የሚል አልነበረም ማለት ነው። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት የሚያሻሽል የሕግ ረቂቅ በተደጋጋሚ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። በፓርላማው ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ነገሩ የሚያስገርም አይደለም።

በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነበር። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ የመሬቱን ጥቅም ከፍ ባደረገው ጊዜ ግን ብዙ ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን እያስወጡ በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። አብዛኛው ጭሰኛ «አባቴም አያቴም እዚሁ ነው ያረሱት» ከማለት በቀር አውጥቶ የሚያሳየው አንድ ወረቀት እንኳ በእጁ አልነበረም። ልማቱ በመጣ ጊዜ ከልማቱ የወጣው እሱ ሆነ።

ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ከወጡ ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ መሬትን መሸጥ፣ ማከራየትና በመያዣ መስጠት ተከለከለ፤ በቅጥር ጉልበት ማሳረስም እንዲሁ። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወርደው ስለ ነበር አዋጁን ለገበሬው ያነበቡለት ብዙውን ጊዜ እነሱ ነበሩ።

በዚያ ጥብቅ አዋጅ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ትንሽ በር ነበረ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ሲከለከል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ክልከላው አልነካትም፤ ባለ ይዞታው የሞተ፣ የታመመ ወይም ያረጀ እንደ ሆነም የትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ በሰው እንዲያሳርሱ ፈቅዷል። ሕግ አውጪው የባለ መሬቱን ጉልበት ለመስበር በተነሣበት በዚያ ሰዓት እንኳ፣ መሬት ያለው ሁሉ ጉልበት ያለው አለመሆኑን ዐውቆ ነበር።

እነሆ ዛሬ ያ ትንሽ በር ሰፊ መንገድ ሆኗል። በደጋውና በወይና ደጋው አገር አንድን ማሳ በወጉ ለማረስ አንድ ጥማድ በሬ ያስፈልጋል። አንድ በሬ ያለው ከሌላው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ምንም የሌለው ግን የሰው እጅ ማየቱ ነው። ሴት ሞፈር አትጨብጥም የሚለው ልማድም በብዙ ቦታ ገና አልተለወጠም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታችው ሴት፣ ያረጁ ባልና ሚስት፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች መሬታቸውን ለሌላ ይሰጣሉ። የሚቀበላቸው ማን ነው? ሁለት ሦስት ጥማድ በሬ፣ የደረሱ ወንዶች ልጆችና ለማዳበሪያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያለው ጎረቤት ነው። በቀድሞው ዘመን ባለ መሬቱ በበቅሎ ተቀምጦ ሲመጣ አራሹ ጎንበስ ብሎ ይቀበለው ነበር። ዛሬ በብዙ ቀበሌ ባለ መሬቷ ናት ወደ አራሹ ቤት ሄዳ «እባክህ ዘንድሮም እረስልኝ» ብላ የምትለምነው።

አንዲት እንዲህ ያለች ሴት በአሳባችን እንውሰድ። ባሏ ሲሞት ሦስት ጥማድ መሬትና ትንንሽ ልጆች ተውሎላታል። የባሏ የአክስት ልጅ የሆነ ብርቱ ገበሬ፣ «እናቴ፣ አይዞዎት፤ እኔ አርሼ እኩሌታውን ካውድማ አስገባልዎታለሁ» ይላታል። በመጀመሪያው ዓመት እንዳለው ያደርጋል። በሁለተኛው ዓመት የማዳበሪያው ዋጋ ከአዝመራው ላይ አስቀድሞ ይነሣ ይላል፤ የማዳበሪያ ዋጋ በቅርብ ዓመታት በእጅጉ ስለ ናረ ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ማዳበሪያው ስንት ኩንታል እንደ ነበረና ከሱ ማሳ ላይ ስንቱ እንደ ዋለ እሷ በምን ታውቃለች? ጭዱንም ለበሬዎቹ ብሎ ጠቅልሎ ይወስዳል። በሦስተኛው ዓመት ለባሏ ተዝካር፣ አለዚያም ለልጇ ሕክምና ገንዘብ ያስፈልጋትና ከሱው ትበደራለች። አሁን ውሉ ባሕርዩን ለወጠ። ብድሩ እስኪከፈል ድረስ መሬቱን እሱ ይዞ ሙሉውን አዝመራ ይበላል፤ ወለድ አገድ ማለት ይህ ነው። ዋናው ብድር ግን አይቀነስም። ከአዝመራው አንዳች የማታገኝ ሴት ብድሩን ከምን አምጥታ ትክፈለው?

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ይገምተዋል። የመሬቱን ግብር «እርስዎ አይድከሙ» ብሎ እሱ ይከፍላል፤ ደረሰኙም በሱ እጅ ይቀመጣል። በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። ስድስት ሰባት ዓመት አልፎ ልጇ አድጎ «የአባቴን መሬት መልስልኝ» ቢለው፣ አንዱ ጊዜ በብድር የያዝኩት ነው፣ ሌላ ጊዜ እናትህ ሰጥታኝ ነው፣ እንዲያም ሲል ገዝቼው ነው የሚል መልስ ይሰጠዋል። መሬት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በኪራይና በብድር ስም የሚሸጥ መሬት መኖሩን በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ በእማኝነት የተቀመጠው ሽማግሌ በሕይወት የለም፤ ቢኖርም ለአራሹ ዘመዱ ነው። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ዳኛውም አንዱን ሰው አንድ ነገር፣ ሌላውን ሰው ሌላ ነገር ሲናገሩ እየሰማ፣ ማሳው ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍና የግብሩን ደረሰኝ ያያል።

አራሹ ሁልጊዜ በዳይ ነው ማለታችን እንዳይመስል ደግሞ የሱን ወገን እንይ። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ባለ ትዳር ሆኗል፤ ከአባቱ መሬት ላይ ተቆራርሳ የምትደርሰው ድርሻ ቤተሰብ አትመግብም። ስለዚህ በሬ ገዝቶ የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። ይህ ወጣት ማሳው ውስጥ ፍግ ቢበትን፣ እርከን ቢሠራ፣ ድንጋዩን ቢለቅም፣ በሚቀጥለው ዓመት ባለ መሬቱ «ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼዋለሁ» ቢለው ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ አይበትንም፤ አይሠራም። ከመሬቱ የቻለውን ያህል አውጥቶ መሄድን ይመርጣል፤ መሬቱም ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። የአፈሩ መታጠብ የሚጎዳው ሁለቱን ብቻ አይደለም፤ ከበታች ያለውን ማሳና ወንዙን ጭምር ነው። የአንድ ዓመት የቃል ውል ሁለቱንም ሰዎች በሥጋት ያኖራቸዋል፤ አንደኛው መሬቴ ይቀርብኛል ሲል፣ ሁለተኛው ጉልበቴ ይቀርብኛል ይላል።

እንግዲህ ሕግ የለም ወይ? ሕግስ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ሲደነግግ፣ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ካለበት ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ገበሬው ከይዞታው ሳይፈናቀል መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት እንዲችል ፈቅዶ፣ ሁለት ብርቱ ነገሮች ጨመረ። አንደኛው፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ እንዲስማሙ ነው፤ ይህ ማለት ባል ከሚስቱ ተደብቆ፣ ታላቅ ወንድም ከእኅቶቹ ተደብቆ ሊያከራይ አይችልም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ጸድቆ እንዲመዘገብ ነው። የጊዜውን ወሰን ለክልሎች ተወላቸው፤ ክልሎችም ለየራሳቸው ወሰኑ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133 እስከ 25 ዓመት ሲፈቅድ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ደግሞ ገበሬው ከይዞታው ከግማሽ የማይበልጠውን፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያርስ እስከ 15 ዓመት እንዲያከራይ ወስኖ ነበር።

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለብዙ ሚሊዮን ማሳዎች ታድሏል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን ደብተር ያየ ሰው፣ በዚያች ትንሽ ገጽ ላይ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ተሠራ ይገባዋል። ደብተሩን ከያዙ በኋላ መሬታቸውን ያለ ፍርሃት ለሌላ ለማሳረስ የደፈሩ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። ቀድሞ፣ መሬቱን ለሰው የሰጠ ሰው «አልፈለገውም» ተብሎ በሽግሽግ ይወሰድበታል የሚል ሥጋት ነበረና።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀድሞውን የሚተካ አዲስ አዋጅ፣ ቁጥር 1324ን አጽድቋል። ከዚህ አዋጅ ብዙ የተወራለት ክፍል ባለ ይዞታው የመሬት መጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በመያዣነት አቅርቦ መበደር እንዲችል መፈቀዱ ነው። ይህ ለዚያች ባልቴት መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፤ ለተዝካርና ለሕክምና ብላ መሬቷን በወለድ አገድ ከመስጠት፣ ደብተሯን ይዛ ከአበዳሪ ተቋም ብትበደር ይሻላታል። ነገር ግን አበዳሪው ተቋም በመጀመሪያ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ አለ፤ ማሳው ዛሬ በማን እጅ ነው? በቃል ውል ለሦስት ሰው የተላለፈ መሬት የያዘ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተጻፈ መልስ የለውም።

ስለዚህ ጉድለቱ በሕጉ መኖር አለመኖር ላይ ሳይሆን፣ ሕጉ ከወረዳው ከተማ አልፎ እስከ ዐውድማው ባለመድረሱ ላይ ነው። ለምን አልደረሰም?

አንደኛው ምክንያት ሩቅነቱ ነው። አራት ሰዓት በእግር ተጉዛ፣ «ባለሙያው ለስብሰባ ወጥቷል፤ ሰኞ ተመለሺ» የተባለች ሴት ሰኞ አትመለስም። ሌላው፣ ደብተሩ ብዙ ጊዜ በሟች ስም መቅረቱ ነው። ባል ከሞተ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ደብተሩን ማደስ ገንዘብና ጊዜ ስለሚጠይቅ ይቆያል፤ ደብተሩ በስሟ ካልታደሰ ደግሞ ውሏን ማስመዝገብ ይቸግራታል። የመጀመሪያዎቹ ደብተሮች በገመድ ተለክተው፣ ተዋሳኝ ጎረቤቶችን በስም ጠርተው የተሞሉ እንጂ ካርታ የሌላቸው ስለ ነበሩ፣ ጎረቤቱ ሲሞት ወይም ሲለወጥ ወሰኑም አብሮ የሚደበዝዝበት ጊዜ አለ። በካርታ የተደገፈው ሁለተኛው ምዝገባ ይህን ለማረም የተጀመረ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ራሱ ሕጉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ገበሬው መሬቱን ሁሉ አከራይቶ ባዶ እጁን እንዳይቀር ተብሎ ከግማሽ በላይ አታከራይ የሚል ወሰን ሲደረግ አሳቡ የደግነት ነው። ነገር ግን በሬ የሌላት አሮጊት ቀሪውን ግማሽ በምን ታርሰዋለች? ለእንዲህ ያለው ሰው ልዩ በር ካልተከፈተለት፣ ግማሹን በሕግ አከራይታ ግማሹን በጨለማ ለመስጠት ትገደዳለች፤ ይልቁንም ከዚህ ሁሉ ጣጣ ብላ ሁለቱንም በጨለማ ትሰጠዋለች። በጨለማ የሰጠችውን ደግሞ በብርሃን ልትጠይቅበት አትችልም። ደካማን ለመጠበቅ የተጻፈ ቃል ደካማውን ከሕግ ውጭ ሲያስቀምጠው ማየት ያሳዝናል። የ1967ቱ አዋጅ እንኳ ያን ሁሉ ነገር ሲከለክል ለአሮጊቷ በር መተዉን ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው።

አራተኛው ምክንያት መተማመን የሚባለው ነው። «በዘመድ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ወረቀት ጠብ ያመጣል» የሚሉ ሽማግሌዎች በየቦታው አሉ። ንግግራቸው ክብር አለው፤ ከጎረቤት ጋር በቃል መኖር የቆየ ጨዋነት ነውና። ይሁን እንጂ ያው ሽማግሌ ልጁን ሲድር ጥሎሹን ያስቆጥራል፤ ከዕድር ሲገባ ስሙን በመዝገብ ያስጽፋል፤ የዕቁብ ዳኛም ዕጣው የማን እንደ ወጣ በደብተር ሲይዝ አያስቀይመውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች መተማመንን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ስለ መሬት ወደ ፍርድ ቤት ከሚመጡት ባለ ጉዳዮች ብዙዎቹ ባዕዳን ሳይሆኑ ወንድማማቾች፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ያጣላቸው ወረቀት አይደለም።

ውሉ ይጻፍ ስንል ደግሞ ጠበቃ የሚጽፈውን፣ ገበሬው ሲሰማው የሚያንቀላፋበትን ረጅም ሰነድ ማለታችን አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል። በዚያች ገጽ ላይ ግን ዐውድማ ላይ ጠብ የሚያስነሡት ነገሮች አንድ በአንድ መግባት አለባቸው። ዘሩን ማን ያመጣል? ማዳበሪያው ከአዝመራው ላይ አስቀድሞ ይነሣል ወይስ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ? አረሙንና አጨዳውን የሚሠራው፣ የቀን ሠራተኛ ቢገባ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ጭዱ የማን ነው? ጭድ በድርቅ ዓመት ከእህሉ የማይተናነስ ዋጋ እንዳለው ከተማ ያደገ ጸሓፊ ላያስበው ይችላል። በረዶ ቢመታው ወይም አንበጣ ቢወርድበት ጉዳቱ እንዴት ይከፈላል? በመሬቱ ላይ ምን ይዘራበታል፤ አራሹ ያለ ባለ መሬቷ ፈቃድ ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ ወይም ጫት መትከል ይችላል ወይ? ግብሩን ማን ይከፍላል፤ ደረሰኙስ በማን ስም ይቆረጣል፤ በማን እጅ ይቀመጣል?

ከሁሉም በላይ ጊዜው ሊጻፍ ይገባል። ለአራሹ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ቢሰጠው እርከኑን ይሠራል፤ ፍጉንም ይበትናል። ለባለ መሬቷ ደግሞ ጊዜው የሚያልቅበት ቀን ከታወቀ ልጇ ሲያድግ የሚጠይቅበት ቀን ታወቀ ማለት ነው። አራሹ የሠራው እርከን ወይም የቆፈረው ጉድጓድ ሲለቅ በምን እንደሚካስም ቢጨመር ሁለቱ በሰላም ይለያያሉ። ብድር ካለም በሌላ ወረቀት ለብቻው ይጻፍ እንጂ ከመሬቱ ውል ጋር አይቀላቀል፤ ወለድ አገድ የሚወለደው ከዚህ መቀላቀል ነውና።

ይህች ገጽ ሌላም ጥቅም አላት። መሬቱ ለመንገድ፣ ለፋብሪካ ወይም ለከተማ መስፋፋት የተወሰደ እንደ ሆነ፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የዓመት ገቢውን አማካይ 10 እጥፍ ሲያስከፍል፣ ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ 15 እጥፍ አድርጎታል። ገንዘቡ በከፍተኛ መጠን ሲመጣ በማሳው ላይ የቆመው ስንዴ የማን ነበር፣ የማንስ ገቢ ነው የሚቆጠረው የሚለው ጥያቄ አብሮ መምጣቱ አይቀርም። የተጻፈ ውል ያላቸው ሁለት ሰዎች ይህን ከወረቀታቸው አንብበው ይመልሳሉ።

አሁን ነገሩ ወደ ወጣቱ ሹም ይመጣል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የተመደበ ወጣት፣ ከፊቱ ሁለት ሰዎች ሲቆሙ አንደኛው ጫማ ያደረገ፣ ቃላት የሚያውቅ፣ ከጸሓፊው ጋር የሚተዋወቅ ነው፤ ሁለተኛዋ ነጠላዋን ተከናንባ አንገቷን ደፍታ የቆመች ናት። ብርቱው ሰው ሁለቱንም ወክሎ ይናገራል። ወጣቱ ሹም ሥራው እንዲያልቅለት የፈለገ እንደ ሆነ የሰማውን ጽፎ አሻራዋን ያስነሣታል፤ መዝገቡም ተሟላ ይባላል። ይህ ውል ከቃሉ ውል የከፋ ነው፤ የማታውቀውን ነገር በጣቷ አጽድቃለችና። ደግ ሹም ግን «እናቴ፣ እስቲ እዚህ ቁጭ ይበሉ» ብሎ አራሹን ለጥቂት ጊዜ በውጭ እንዲቆይ ይነግረዋል፤ ከዚያም ስንት ዓመት እንደ ሰጠች፣ ብድር እንዳለባት፣ ልጆቿ መስማማታቸውን ለብቻዋ ይጠይቃታል። ጽሑፉን በምትሰማው ቋንቋ ቀስ ብሎ ያነብላታል። አማርኛ የማትሰማ እንደ ሆነ በአማርኛ ማንበብ ማንበብ አይደለም። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ሩብ ሰዓት ደግሞ ከአምስት ዓመት ክርክር ያንሳል።

ተማሪውስ? የሕግ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው በሚገኙት የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከሎች ለችግረኞች ክስና መልስ ይጽፋሉ፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዳሩ ግን ወደነዚህ ማዕከሎች የሚመጣው ሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጣ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ ማንኛውም ተማሪ፣ የሕግም ሆነ የሒሳብ ወይም የሕክምና፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ ሲመለስ የአያቱን መሬት ማን እንደሚያርሰው፣ በምን ድርሻና እስከ መቼ እንደ ሆነ ጠይቆ በወረቀት ማስፈር አያቅተውም። «ልጄ፣ ምን ልታደርገው ነው?» ብለው ቢጠይቁት «ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ እንድንሰጠው ነው» ብሎ ይመልስ። የአራሹንም ልጅ ጠርቶ አብረው ቢጽፉት ደግሞ ጠቡ ከመነሻው ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ክፍል የተማሩ ልጆች ናቸው።

ለዚህም ጽሕፈት ቤቱ ራሱ መነሣት አለበት። የእኩል ውል የሚገባው የመጀመሪያው እርሻ ከመውጣቱ በፊት፣ አዝመራው ተወቅቶ ገበሬው ፋታ ባገኘበት በበጋው ወራት ነው። በዚያን ጊዜ የወረዳው ባለሙያ መዝገቡንና ማኅተሙን ይዞ በየቀበሌው አንድ አንድ ቀን ቢቀመጥ፣ ቀኑም አስቀድሞ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢነገር፣ አራት ሰዓት በእግር የምትጓዘው ሴት ግማሽ ሰዓት ትጓዛለች። የሟች ባሏን ደብተር ያልቀየረች ብትሆንም እንዳትመለስ፣ ወራሽነቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ የሚቆይ ጊዜያዊ ምዝገባ ቢፈቀድላት ምንም አይጎድልም። ለመመዝገቢያ ክፍያ አለመጠየቅ ይሻላል፤ ከደኻ የሚሰበሰበው ጥቂት ብር በኋላ ለሚከተለው ክርክር የመንግሥት ዳኛ ከሚያባክነው ጊዜ ጋር አይመዛዘንም። ውሉ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለባለ መሬቷ፣ አንዱ ለአራሹ፣ ሦስተኛው በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሣጥን ውስጥ። የቀበሌው ሣጥን ቁልፍ ግን አራሹ ራሱ የኮሚቴው አባል በሆነበት ቦታ በሱ እጅ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ነው፤ በሬ ያለው ሰው ወንበርም ያለው ሆኖ የሚገኝበት ቀበሌ ጥቂት አይደለምና።